ማንም ያላያቸው አዛውንት፦ የአንድ የቶኪዮ ቤት ጉዳይ

በጁላይ 2010 ቶኪዮ ውስጥ የአዳቺ ወረዳ ሠራተኞች አንድ ደስ የሚል ሥራ ይዘው ነበር። በመዝገቡ መሠረት ከከተማዋ ወንዶች ሁሉ በዕድሜ የሚበልጡት ሰው የሚኖሩት በእነሱ ወረዳ ነው። 111 ዓመት ሞልቷቸዋል። ሠራተኞቹ እንኳን ለዚህ አበቃዎት ሊሏቸው፣ ጤናቸውን ሊጠይቁ፣ ዓይናቸውን ሊያዩ ፈለጉ። ቤተሰቡ ግን እሺ አላለም። ደህና ናቸው፣ ሰው ማግኘት ግን አይፈልጉም ተባለ። ቆይተው እንደገና ጠየቁ። መልሱ ያው ነው። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።)

ጁላይ 28 ቀን ፖሊስ ወደ ቤቱ ገባ። አዛውንቱ መኝታቸው ላይ ተጋድመዋል። ብርድ ልብስ ለብሰዋል። አስከሬናቸው ደርቋል። ክፍሉ ውስጥ የተገኘው ጋዜጣ የኖቬምበር 1978 ነው። የሞቱት በ79 ዓመታቸው ገደማ ነው ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ለ30 ዓመት ከምናምን ዕድሜያቸው የጨመረው መዝገብ ላይ ብቻ ነበር።

ወሬው በአንድ ሳምንት ውስጥ ዓለምን አዳረሰ። እኔን ይህን ጉዳይ ቁጭ ብዬ እንዳጠናው ያደረገኝ ግን የአስከሬኑ መድረቅ አይደለም። ቤቱ ባዶ አልነበረም። ልጃቸው፣ የልጃቸው ባል፣ የልጅ ልጆቻቸው እዚያው ጣሪያ ሥር ይኖሩ ነበር። ስለ አረጋውያን ስናወራ ብዙ ጊዜ የምንጨነቀው ብቻቸውን ለሚኖሩት ነው። እኚህ ሰው ብቻቸውን አልነበሩም። ቤተሰብ ነበራቸው። መዝገብ ነበራቸው። ጡረታ ነበራቸው። ሊያከብራቸው የሚፈልግ ወረዳ ነበራቸው። ያጡት ፊታቸውን የሚያይ ሰው ነው።

ሐሳቤን ከመጀመሪያው ግልጽ ላድርገው። ለአረጋዊ የሚሰጥ ክብርም ሆነ እንክብካቤ ዋጋ የሚኖረው አንድ ሰው በየጊዜው ፊታቸውን ሲያይና ድምፃቸውን ከራሳቸው አፍ ሲሰማ ነው። ቤተሰብ አላቸው ማለት የሚያያቸው አላቸው ማለት አይደለም። የአዳቺው ቤት ይህን ቁልጭ አድርጎ ስላሳየኝ ነው ዝርዝሩን የማነሣው።

ቤተሰቡ የተናገረው

በወቅቱ እንደተዘገበው የቤተሰቡ ቃል እንዲህ ነበር። አዛውንቱ ከ30 ዓመት በፊት ሕያው ቡድሃ መሆን እፈልጋለሁ ብለው ክፍላቸውን ዘግተው ገቡ። ከዚያ በኋላ አልወጡም። ኃይለኛ ሰው ስለነበሩ ደፍሮ በሩን የከፈተ የለም።

ቃሉ ሙሉ በሙሉ ከባዶ የመጣ አይደለም። በሰሜን ጃፓን፣ በተለይ በያማጋታ፣ ድሮ አንዳንድ የቡድሃ እምነት መነኮሳት እህል እየቀነሱ ቆይተው በመጨረሻ ምግብ አቁመው በጸሎት ላይ እንዳሉ ያርፉ ነበር። የደረቀው አስከሬናቸው ዛሬም በቤተ መቅደስ ተቀምጦ ይከበራል። ያ ግን የመነኮሳት መንገድ ነው። ዝግጅቱ ዓመታት ይፈጃል፣ በዙሪያቸውም የሃይማኖት ወንድሞቻቸው አሉ። አንድ የ79 ዓመት ሰው ከቤተሰቡ ጋር በሚኖርበት ተራ ቤት ውስጥ ክፍሉን ዘግቶ አልበላም ሲል ነገሩ ሌላ ነው። ታመው ይሆን? አዝነው ይሆን? ተጣልተው ይሆን? አእምሯቸው ደክሞ ይሆን? ይህን የሚጠይቅ ሐኪም፣ ዘመድ ወይም ጎረቤት በሩ ጋ አልደረሰም። እኔን የሚያመኝ ከ1978 በኋላ የሆነው ሁሉ ሳይሆን የመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ናቸው። አንድ ሰው በሩን ቢያንኳኳ ኖሮ የሚናገሩት ነገር ሳይኖራቸው አይቀርም።

ከዚያ የገንዘቡ ነገር ይመጣል። ባለቤታቸው መምህርት የነበሩ ናቸው፣ ያረፉት በ2004 ነው። እሳቸው ሲያርፉ የተተኪ ጡረታ በአዛውንቱ ስም መግባት ጀመረ። እስከ 2010 ድረስ ወደ 9.5 ሚሊዮን የን ተከፍሏል። ፖሊስ በኦገስት ወር ልጃቸውንና የልጅ ልጃቸውን በማጭበርበር ጠርጥሮ ያዘ። የልጅ ልጃቸው በዚያው ዓመት ጥፋተኛ ተብለው የሁለት ዓመት ተኩል እስራት በገደብ ተፈረደባቸው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ነገሩን ዘግቶ ይሄዳል። ለገንዘብ ብለው አባታቸውን ደበቁ፣ አለቀ። እኔ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም። ይህ የተተኪ ጡረታ መግባት የጀመረው አዛውንቱ ከሞቱ ከ25 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ዝምታው ከዚህ ገንዘብ ይቀድማል። የመጀመሪያው ቀን ፍርሃት ይሆናል፣ ድንጋጤ ይሆናል። በሳምንቱ እንዴት ብለን እንናገር ይመጣል። በዓመቱ አሁንማ ብንናገር ምን እንባላለን ይሆናል። ከዚያ በኋላ ምስጢሩ ራሱ የቤቱ ገመና ሆኖ ይቀመጣል። ማጭበርበሩን ላስተባብል አልፈልግም፣ ፍርድ ቤቱ የወሰነው ትክክል ነው። ሰው እንዴት እዚያ እንደሚደርስ ካልገባን ግን ቀጣዩን ቤት አናገኘውም።

አንድ ቁጥር ደግሞ አለ፣ ብዙ ሰው ሳያስተውለው ያልፋል። ፖሊስ ቤቱ ሲገባ ልጃቸው 81 ዓመታቸው ነበር። በ1978 ገና 49 ገደማ ነበሩ ማለት ነው። ምስጢሩን ተሸክመው አረጁ። ስለዚህ ወረዳው የአንድ አረጋዊ ቤት ነው ብሎ ሲያንኳኳ የከፈቱለትም ራሳቸው አረጋዊት ናቸው። በረጅም ዕድሜ አገር ውስጥ ይህ ብርቅ አይደለም። ሰው መቶ ዓመት ሲሞላው ልጁ ሰባ ይሆነዋል። ያረጀ ያረጀን ይጦራል። ጉልበቷ የደከመ፣ ወገቧን የሚያማት፣ ራሷ መድኃኒት የምትቆጥር ልጅ እናቷን ታገላብጣለች። ልጅ አለ ብለን ስንተማመን ያ ልጅ ስንት ዓመቱ እንደሆነ አንጠይቅም።

ከአንድ ቤት ወደ አገር

ከአዳቺው ዜና በኋላ በመላው ጃፓን ወረዳዎች መዝገባቸውን ገልጠው መቶ ዓመት የሞላቸውን ሰዎች መፈለግ ጀመሩ። በቀናት ውስጥ ሌላ ጉድ ወጣ። በዚያው በቶኪዮ፣ በሱጊናሚ ወረዳ፣ የከተማዋ ትልቋ ሴት የተባሉት የ113 ዓመት አረጋዊት በአድራሻቸው የሉም። አብረው ይኖራሉ የተባሉት ልጃቸው እናቴን ካየኋት ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል አሉ። ከወንድሜ ጋር ናት ብለው ያስቡ ነበር። ኮቤ ከተማ በመዝገብ 125 ዓመት የሞላቸው ሴት ነበሩ። አድራሻቸው ሲፈለግ ቦታው ከ1981 ጀምሮ የሕዝብ መናፈሻ ሆኖ ተገኘ።

ከሁሉም ልቤን የነካው የኦታ ወረዳው ነው። አንድ የ64 ዓመት ሰው እናታቸው በሕይወት ቢኖሩ 104 ይሆናቸው ነበር። ባለሥልጣናት ሲጠይቋቸው እናቴ የሞተችው ከዘጠኝ ዓመት ገደማ በፊት ነው አሉ። ለሥርዓተ ቀብር የሚሆን ገንዘብ አልነበረኝም አሉ። አጥንቷን አጥበው በጀርባ ቦርሳ ውስጥ አስቀምጠዋታል። ሰውየው እናታቸውን አልጣሉም። ቤት ሲቀይሩ ይዘዋት ሄደዋል። ከዚህ በላይ ግን የማንም እርዳታ እንደሌለ ቆጥረውታል። የሚያሳዝነው እርዳታው ነበር። የጃፓን የድሆች መደገፊያ ሕግ ከ1950 ጀምሮ ለቀብር አቅም ለሌለው ወጪውን የሚሸፍን ክፍል አለው። ለማግኘት ግን ሄዶ ማመልከት ያስፈልጋል። ይህን ማመልከት የሚባል ነገር ልብ በሉልኝ፣ ተመልሼ እመጣበታለሁ።

በሴፕቴምበር 2010 የፍትሕ ሚኒስቴር የምርመራውን ውጤት ይፋ አደረገ። በቤተሰብ መዝገብ ላይ በሕይወት እንዳሉ የሚቆጠሩ፣ አድራሻቸው ግን የማይታወቅ፣ ዕድሜያቸው 100 እና ከዚያ በላይ የሆነ 234,354 ሰዎች ተገኙ። ከእነሱ 77,118ቱ 120 ዓመትና ከዚያ በላይ ናቸው። 884ቱ ደግሞ 150 እና ከዚያ በላይ ሞልቷቸዋል። በዚያው ወር በትክክል በሕይወት እንዳሉ የተረጋገጠላቸው የመቶ ዓመት ባለ ዕድሜዎች 44,449 ብቻ ነበሩ።

ይህ ቁጥር ሲጠቀስ አንድ ስሕተት ይሠራል። ሩብ ሚሊዮን አዛውንት በየቤቱ ተደብቀው ሞቱ ማለት አይደለም። ጃፓን ሁለት መዝገብ አላት። አንዱ የዘር ሐረግን የሚይዘው የቤተሰብ መዝገብ ኮሴኪ ነው። ሌላው ሰው የት እንደሚኖር የሚያሳየው የነዋሪነት መዝገብ ነው። ጡረታና አገልግሎት የሚሠራው በሁለተኛው ነው። የጠፉት በመጀመሪያው ላይ ያሉ ናቸው። ብዙዎቹ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቤተሰባቸው በሙሉ አልቆ ሞታቸውን የሚያስመዘግብ ያጡ ናቸው። ወደ ብራዚልና ሌላ አገር ተሰድደው የቀሩም አሉ። የአዳቺው ሰው ግን ከእነዚህ አይደሉም። ነዋሪ ናቸው። አድራሻቸው ትክክል ነው። አድራሻው ላይም ተገኝተዋል። አድራሻው ውሸት የሌለበት ሆኖ ሳለ ሰውየው በሕይወት የሉም። ለዚህ ነው ከ234,354ቱ ሁሉ ይልቅ ይህ አንድ ቤት የሚያሳስበኝ።

ክብር አልጎደለም

ጃፓን ለሽማግሌ ደንታ የሌላት አገር ናት የሚል ካለ ታሪኳን አያውቅም። በ1963 የአረጋውያን ደህንነት ሕግ አወጣች። ሕጉ አረጋውያን ለኅብረተሰቡ ለዘመናት ያበረከቱ፣ ዕውቀትና ልምድ ያላቸው በመሆናቸው ሊከበሩና ሊወደዱ ይገባል ይላል። በዚያው ዓመት መቶ ለሞላቸው ሁሉ የብር ጽዋ መሸለም ተጀመረ። በመጀመሪያው ዓመት በአገሪቱ የነበሩት የመቶ ዓመት ባለ ዕድሜዎች 153 ነበሩ። ከ1966 ጀምሮ አረጋውያን የሚከበሩበት ቀን ብሔራዊ በዓል ሆነ። አሁን የሚውለው በሴፕቴምበር ሦስተኛው ሰኞ ነው። በ2025 የመቶ ዓመት ባለ ዕድሜዎቹ ቁጥር 99,763 ደርሷል። ጽዋው ከ2016 ጀምሮ በብር የተለበጠ ሆኗል። ተሸላሚው በዝቶ ንጹሕ ብር ለመንግሥት ወጪ ከብዶ ነው።

እንክብካቤውም በወሬ አልቀረም። በኤፕሪል 2000 የረጅም ጊዜ እንክብካቤ መድን ተጀመረ። ዕድሜው 40 የሞላው ሁሉ ይከፍላል። ግማሹ ከመዋጮ፣ ግማሹ ከግብር ይሸፈናል። አገልግሎቱን የሚያገኙት አብዛኞቹ ከዋጋው 10 በመቶ ብቻ ይከፍላሉ። ገላ የሚያጥብ፣ ምግብ የሚያበስል፣ ቀን ቀን አውጥቶ የሚያውል፣ ሌሊት ብቅ ብሎ የሚያይ ሠራተኛ ይመጣል። ከዚያ በፊት ይህ ሁሉ በሚስት፣ በልጅና በምራት ጫንቃ ላይ ነበር። እኔ ይህን ሥርዓት ከልቤ አደንቀዋለሁ። ብዙ ሴቶችን ከዓመታት ድካም አሳርፏል።

አሠራሩ ግን የሚጀምረው በማመልከቻ ነው። አንድ ሰው ወይም ቤተሰቡ ወረዳ ሄዶ ያመለክታል። መርማሪ ቤት ይመጣል፣ 74 ነጥቦች ያሉት መጠይቅ ይሞላል። መነሣት ይችላሉ? መብላት ይችላሉ? ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ ያውቃሉ? የሐኪም አስተያየት ይጨመራል፣ ደረጃ ይወጣል። ጥሩ ነው። ማንም ካላመለከተ ግን ማንም አይመጣም። የቀብር እርዳታውም እንዲሁ ነው። ጠያቂ ካለ አገሪቱ ሙሉ አቅሟን ይዛ ትመጣለች። ጠያቂ ከሌለ ዝም ነው። የመጠየቅ አቅም የሚያጡት ደግሞ በጣም ያረጁት፣ በጣም ያፈሩትና በጣም የደከሙት ናቸው።

እዚህ ላይ ትንሽ ቆም እንበል። አንድ የ111 ዓመት ሰው የእንክብካቤ አገልግሎት አይጠቀሙም። ሐኪም ቤት አይሄዱም፤ ሞተዋላ። ጠረጴዛው ላይ ፋይሉን የያዘ ሠራተኛ ግን ምን ያያል? አንድም ችግር የሌለባቸው ሰው! ምንም ጥያቄ የለ፣ ምንም ወጪ የለ፣ ምንም አቤቱታ የለ። ዝምታ እንደ ደህንነት ተቆጠረ። በዚያ ዕድሜ ላይ ያለ ሰው ምንም አለመጠየቁ ራሱ ደወል መሆን ነበረበት።

ለምን ማንም አላያቸውም

የሰፈሩ ሰው ቸል አላለም። ጃፓን ውስጥ ሚንሴይ ኢን የሚባሉ በጎ ፈቃደኞች አሉ። በመላ አገሪቱ ከ200 ሺህ በላይ ናቸው። በጤና ሚኒስትሩ ይሾማሉ፣ የሥራ ዘመናቸው ሦስት ዓመት ነው፣ ደመወዝ የላቸውም። የሰፈራቸውን አረጋውያንና ችግረኞች ቤት እየዞሩ ይጠይቃሉ። በአዳቺው ጉዳይም ነገሩ ደስ አላለኝም ብሎ ለወረዳው ያሳወቀው ሰው ሚንሴይ ኢን ነው። ጉዳዩ የተፈታው በዚህ ነው። ኮምፒውተር አይደለም ያገኘው። ሄዶ ያንኳኳ፣ ተመልሶ የሄደ፣ ቅር ያለው ሰው ነው ያገኘው።

ሚንሴይ ኢን ግን በግድ ቤት ሊገባ አይችልም። ደግሞ ከ2005 ጀምሮ የግል መረጃ ጥበቃ ሕጉ ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ሲውል ወረዳዎች የነዋሪ ዝርዝር ለበጎ ፈቃደኞች መስጠት ፈሩ። ቤተሰቦችም የግል ጉዳያችን ነው ማለትን ለመዱ። ሕጉ በራሱ መጥፎ አልነበረም፣ ሰው ግን ከሚለው በላይ አስፍቶ ተረጎመው።

በር ማስከፈት የሚቻልበት ሕግም ነበር። በኤፕሪል 2006 ሥራ ላይ የዋለው የአረጋውያን ጥቃት መከላከያ ሕግ የአንድ አረጋዊ ሕይወት አደጋ ላይ ነው ተብሎ ሲጠረጠር የወረዳ ሠራተኛ ቤት ገብቶ እንዲመረምር ይፈቅዳል። ፖሊስም እንዲያግዘው መጠየቅ ይችላል። ግን መጠርጠር ያስፈልጋል። ሰላምታ የሚሰጥ፣ ድምፁን የማያነሣ፣ አባባ ደህና ናቸው የሚል ቤተሰብ ላይ ማን ይጠረጥራል? ጩኸት የለም፣ ቁስል የለም፣ ጎረቤት አልከሰሰም። ትሕትና በሩን ከቁልፍ በላይ ዘጋው።

ከሁሉም የሚከፋው ግን ቀላሉ ምክንያት ነው። ቤተሰብ ስላላቸው ማንም አልሠጋም። ጃፓን አረጋውያንን ለመከታተል የዘረጋቻቸው ብዙዎቹ ዘዴዎች ብቻውን ለሚኖር ሰው የታሰቡ ናቸው። በ1972 በፉኩሺማ፣ ኮሪያማ ከተማ፣ የያኩልት እርጎ አዟሪ ሴቶች ብቻቸውን የሚኖሩ አረጋውያንን ቤት በየዕለቱ እያንኳኩ ደህንነታቸውን መጠየቅ ጀመሩ። ልማዱ ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፋ። በ1996 ቶኪዮ ኢኬቡኩሮ ውስጥ አንዲት አረጋዊት እናትና ታማሚ ልጃቸው በረሃብ ሞተው ተገኙ። ያንን ተከትሎ የዞጂሩሺ ኩባንያ በ2001 አንድ የኤሌክትሪክ ማንቆርቆሪያ ገበያ ላይ አወጣ። አረጋዊው ሻይ ለማፍላት ሲነካው ሩቅ ላለ ልጁ መልእክት ይደርሰዋል። ማንቆርቆሪያው ቀኑን ሙሉ ካልተነካ ልጁ ይደውላል።

ይህ ማንቆርቆሪያ ደስ ይለኛል። የልጅ ፍቅርና ርቀት አንድ ላይ ተገናኝተው የሠሩት ዕቃ ነው። አሁን ግን የአዳቺው ቤት ማዕድ ቤት ውስጥ አስቀምጡት። ልጃቸው ጠዋት ተነሥተው ውኃ ያፈላሉ። አማቻቸው ይጠጣሉ። የልጅ ልጆች ከሥራ መጥተው ያፈላሉ። በ32ቱ ዓመት ውስጥ አንድም ቀን ደወል አይሰማም። መብራት ይበራል፣ ቆሻሻ ይወጣል፣ ውኃ ቆጣሪው ይዞራል፣ ፖስታው ሳጥን ውስጥ አይከማችም። አንድ ቤት በሕይወት መኖሩን የሚያሳዩት ምልክቶች በሙሉ ነበሩ። ስለ አንዱ ሰው ግን ምንም አይናገሩም።

ጎረቤትም እንደዚሁ ነው። ብቻቸውን የሚኖሩ አሮጊት ሁለት ቀን መጋረጃ ካልገለጡ የሰፈሩ ሰው ይነጋገራል። ልጅና የልጅ ልጅ ባለበት ቤት ግን አዛውንቱ ለዓመታት ባይታዩ ሰው በልቡ ታመው ተኝተው ይሆናል፣ ልጆቻቸው አሉላቸው ብሎ ያልፋል። ይህ ክፋት አይደለም። በቤተሰብ ላይ ያለን እምነት ነው። እምነቱ ግን ለአረጋዊው ከለላ ከመሆን ይልቅ ግድግዳ ሆኖባቸዋል።

ከዚያ በኋላ የተለወጠው

መንግሥት በመጀመሪያ የያዘው ገንዘቡን ነው። የጤና ሚኒስቴር 110 እና ከዚያ በላይ የሆናቸውን ጡረተኞች በአካል አግኝቶ እንዲያረጋግጥ ተወሰነ። ቀጥሎ ዕድሜያቸው 75 የሞላ ሰዎች የሕክምና መዝገብ ከጡረታ መዝገብ ጋር መመሳከር ጀመረ። ለረጅም ጊዜ ሐኪም ዘንድ ያልቀረበ ጡረተኛ ካለ በሕይወት መኖሩን እንዲያሳውቅ ይጠየቃል። ቀደም ብዬ ያልኩት የዝምታ ደወል ማለት ይህ ነው። ዘግይቶም ቢሆን ተገጠመ። የተገጠመው ግን ጡረታ እንዳይጭበረበር ነው። እኔ የምመኘው ሰውየው እንዳይረሱ ተብሎ ቢገጠም ነበር። ልዩነቱ በተግባር ይታያል። ገንዘብ የሚፈልግ ሠራተኛ የሞት ማስረጃ ካገኘ ሥራው አለቀ። ሰው የሚፈልግ ሠራተኛ ግን ቤቱ ውስጥ ያሉትን የ81 ዓመት ሴትዮም ያያል።

አዳቺ ወረዳ ራሱ ከሌሎቹ በላይ ሄዷል ማለት ይቻላል። ከጃንዋሪ 2013 ጀምሮ መገለልን ወደ ዜሮ ለማውረድ የወጣ ደንብ አለው። የሰፈር ማኅበራት ቤት ለቤት እየሄዱ ይጠይቃሉ። ከቤት ሰው ውጭ ከሆነ ሰው ጋር በሳምንት አንድ ጊዜ እንኳ አሥር ደቂቃ የማያወራ ሰው ተገልሏል ተብሎ ይያዛል፣ ክትትልም ይደረግለታል። ከቤት ሰው ውጭ የሚለው ቃል ትልቅ ነገር ነው። አንድ ሰው በቤተሰቡ መሐል ሆኖም ሊገለል እንደሚችል ያመነ ደንብ ነው። የቤት ለቤት ጥየቃው የሚያተኩረው ግን ብቻቸውን በሚኖሩ 70 ዓመትና ከዚያ በላይ በሆናቸው ሰዎችና የሚኖሩበት ሁሉ 75 በሞላቸው ቤት ላይ ነው። ዓላማው ይገባኛል፣ ሰውና ጊዜ ውስን ነው። ሆኖም ጎልማሳ የልጅ ልጆች ያሉበት ያ ቤት በዚህ መስፈርት ዛሬም ዝርዝሩ ውስጥ አይገባም።

የብቸኝነቱ ወገን ችግር አለመቃለሉንም ማወቅ ያስፈልጋል። የጃፓን ፖሊስ እንዳስታወቀው በ2024 የመጀመሪያ ስድስት ወራት ብቻ 37,227 ብቻቸውን የሚኖሩ ሰዎች በቤታቸው ሞተው ተገኝተዋል። አብዛኞቹ ከ65 ዓመት በላይ ናቸው። ከሁሉም 3,939ኙ የተገኙት ከሞቱ ከወር በላይ ቆይተው ነው። በዚያው ዓመት ኤፕሪል ላይ ብቸኝነትንና መገለልን የሚመለከት አገር አቀፍ ሕግ ሥራ ላይ ውሏል። ስለዚህ ብቻቸውን ከሚኖሩት ላይ ዓይን ይነሣ ማለቴ አይደለም። ሁለቱም ቤት ይንኳኳ ነው የምለው።

ከጉዳዩ የምወስደው

አረጋዊን መጠየቅ ማለት ስለ አረጋዊው ሌላ ሰው መጠየቅ አይደለም። አባትህ እንዴት ናቸው? ደህና ናቸው። በዚህ የሚያልቅ ጥየቃ በአዳቺ ለ32 ዓመት ሠርቷል። ጠያቂ ከመጣ አዛውንቱን ለብቻቸው፣ ለጥቂት ደቂቃም ቢሆን፣ ልጅ በማይሰማበት ያናግራቸው። ሁሉም ነገር ደህና በሆነበት ቤት ይህ ማንንም አይጎዳም። እንዲያውም ለልጆቹ በማይነገር ነገር፣ በሕመም፣ በሐፍረት፣ በጸጸት፣ ልባቸው ለተሞላ አረጋውያን እፎይታ ነው። ሠራተኛው ሲመጣ ልጁ ሁሉን ይመልስለታል፣ ሽማግሌው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። ይህን ብዙ ቤት ውስጥ የምናየው ነው። ዕድሜ ሲገፋ መጀመሪያ የሚወሰድብን ጉልበታችን ሳይሆን ስለ ራሳችን የመመለስ መብታችን ነው።

ሁለተኛው ነገር የሚጦረውን ሰው ይመለከታል። የ64 ዓመቱ ሰውዬም ሆኑ የ81 ዓመቷ ሴትዮ አንድ ነገር ያስፈልጋቸው ነበር፦ አልቻልኩም ብለው የሚናገሩበት ቦታ። ሳያፍሩ፣ ሳይታሠሩ፣ ገና ነገሩ በጀመረ ሳምንት። ጃፓን ውስጥ ከ2006 ጀምሮ በየአካባቢው አረጋውያንንና ቤተሰባቸውን የሚያማክሩ የድጋፍ ማዕከላት አሉ። ነርስ፣ የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛና የእንክብካቤ አቀናባሪ አንድ ላይ ይሠሩበታል። ጥሩ ተቋም ነው። እኔ የምጨምረው ማዕከሉ ሰው እስኪመጣ አይጠብቅ የሚል ብቻ ነው። አንድ አረጋዊ 75 ሲሞላቸው ወይም አብሯቸው የሚኖረው ልጅ 65 ሲሞላው ማዕከሉ ራሱ ሄዶ ያንኳኳ። ለጦሪውም እንዴት እየኖርክ ነው ይበለው።

ሦስተኛው ጥቃቅን የሚመስል ነው፣ ለእኔ ግን ዋናው ነው። የጃፓን ፖስታ ከ2017 ጀምሮ በመላ አገሪቱ የሚሠራ የመጠየቅ አገልግሎት አለው። ሠራተኛው በወር አንድ ጊዜ አረጋዊው ቤት ሄዶ ግማሽ ሰዓት ያህል ቁጭ ብሎ ያወራል። እንቅልፍ እንዴት ነው? ምግብ ይበላሉ? ከዚያ ሪፖርቱን ለቤተሰብ ይልካል። ሩቅ ለሚኖር ልጅ ይህ በረከት ነው። አብሮ የሚኖር ልጅ በሩን ሲዘጋ ግን ሪፖርቱ የሚደርሰው ለዚያው ለዘጋው ሰው ነው። መፍትሔው ከባድ አይደለም። የሪፖርቱ ግልባጭ ከቤተሰቡ ውጭ ለሆነ አንድ ሰው ይድረስ፣ ለምሳሌ ለአካባቢው ማዕከል ነርስ። እሷም ሁለት ጊዜ ተከታትሎ አላገኘናቸውም የሚል ቃል ካነበበች ሦስተኛውን ወር ሳትጠብቅ ራሷ ትሂድ።